የፖሊስ አዛዡ ተስፋና የእኛ ፍርሃት

(በእሁድ ስብሰባችን ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ያደረገችው ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ እህቶች እንዲያነቡት እዚህ አትመነዋል።)

እህቶቼ፣ የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከተራራው ድረስ ሁለት ሰርቪስ ቀይራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቤት ተቆልፎባችሁ ይህን በስልክ ብቻ የምታነቡ እህቶችም ከእኛ ጋር እንደተቀመጣችሁ ቁጠሩት።

ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ፖሊስ ነው። ርዕሱ ሲነገር ፊታችሁ ሲጨማደድ አይቻለሁ፤ አልፈርድባችሁም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ብዙዎቻችን ፖሊስ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን መከላከያ ሳይሆን ኢቃማ ነው፣ እስር ነው፣ አውሮፕላን ነው። ዳውራ ላይ ወይ ቡርጅ ሐሙድ ላይ ኬላ ካየን ጥፋት ባይኖርብንም እግራችን በራሱ ጊዜ መንገድ ይቀይራል። ለዚህ ነው ርዕሱን የወደድኩት። የምንሸሸውን ነገር ቁጭ ብለን ካላየነው ዕድሜ ልካችንን እንደሸሸን እንኖራለን።

የፖሊስ አዛዦች በየአገሩ ሲናገሩ ሰምታችኋል። «ሕዝቡ ይመነን፣ ሕዝቡ ይጠቁመን፣ ያኔ ሁላችንም በሰላም እናድራለን» ይላሉ። ጥሩ ተስፋ ነው። እኔ ዛሬ ልላችሁ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ተስፋ የሚፈተነው በአዛዡ ንግግር አይደለም። የሚፈተነው አንዲት የተደበደበች ሴት ጣቢያ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ያለው ፖሊስ በቅድሚያ በሚጠይቃት ጥያቄ ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» ካላት እምነት ይጀመራል። «ኢቃማሽ የታለ?» ካላት ግን እዚያው ላይ ያልቃል።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1829 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) እንግሊዝ አገር የአገር ውስጥ ሚኒስትር የነበረው ሮበርት ፒል ለለንደን ከተማ ደመወዝተኛ ፖሊስ ሲያቋቁም ሕዝቡ ክፉኛ ጠርጥሮ ነበር። «ወታደርና ሰላይ ሊያሰማሩብን ነው» አለ። ስለዚህ የፖሊሱ ልብስ እንደ ወታደሩ ቀይ ሳይሆን ሰማያዊ ተደረገ። እያንዳንዱ ፖሊስም አንገትጌው ላይ ቁጥር እንዲለጥፍ ሆነ። የተበደለ ሰው «እገሌ ቁጥር በደለኝ» ብሎ እንዲናገር ማለት ነው። በፒል ስም የሚነገረው ሐሳብ ባጭሩ ይኸው ነው፤ ፖሊስ ከሕዝቡ የወጣ የሕዝብ አካል ነው፣ ጉልበቱም ከዱላው ይልቅ ከሕዝቡ ፈቃድ ይመጣል።

እኛም ብንሆን ይህን ከፈረንጅ አልተማርነውም። ድሮ አገራችን ላይ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ባለበት ቀጥ ይላል፤ መንገደኛው ዳኛ ሆኖ ያያቸዋል። ፖሊስ በሌለበት ያ ቃል ሰውን የሚያቆመው ለምን ነበር? ሁሉም ሰው ስለሚያምንበት ነው። ሌባው ሲጠፋም አገሬው አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። አውጫጭኝ የራሱ ጣጣ ነበረው፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሰው ሥራውን ፈትቶ ይጉላላ ነበር። ግን አንድ ነገር ያስተምራል። ያየ ሰው ካልተናገረ ወንጀለኛ አይገኝም። ይህ በጎጃምም፣ በወሎም፣ በለንደንም፣ በቤሩትም ያው ነው።

እዚህ ሊባኖስስ? የውስጥ ጸጥታ ኃይሉ የራሱ የሥነ ምግባር ደንብ ካወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ከ2018 እስከ 2022 ደግሞ በጊዜው ዋና አዛዥ በነበሩት በጄኔራል ኢማድ ዑስማን ጊዜ የአምስት ዓመት ዕቅድ ነበረው። የዕቅዱ መጠሪያ በእኛ ቋንቋ ሲገባ «አብረን ይበልጥ ደህንነቱ ወደ ተጠበቀ ኅብረተሰብ» እንደማለት ነው። ከኅብረተሰቡ ጋር መተባበር፣ ሰብአዊ መብት፣ ተጠያቂነት የሚሉ ቃላት አሉበት። ጥሩ ቃላት ናቸው።

እንግዲህ ጥያቄው ይኼ ነው። «አብረን» ሲባል እኛ አለንበት ወይ? በየፎቁ ሕፃን የምናሳድግ፣ ሽማግሌ የምናጥብ፣ ሌሊት ሲንኳኳ በር የምንከፍት እኛ ነን። የሰፈሩን ሰው ወጪ ገቢውን ከማንም በላይ የምናውቅ እኛ ነን። ፖሊስ ምስክር ሲፈልግ ከእኛ የተሻለ ከየት ያመጣል? ግን ሲጠየቅ የምንለው «ማ ባዕረፍ»፣ አላውቅም፣ ነው። ለምን እንደምንል እናውቃለን።

ፍርሃታችን ባዶ አይደለም

በዚህ አገር ሁለት ዓይነት ባለሥልጣን አለ፤ ለይተን እንወቃቸው። አንዱ የውስጥ ጸጥታ ኃይል ነው፣ በተለምዶ ዳረክ የምንለው። 112 ሲደወል የሚያነሳው፣ የወንጀል አቤቱታ የሚቀበለው፣ የሚመረምረው እሱ ነው። ሌላው አምን ዓም ነው። ኢቃማ የሚሰጠውና የሚያድሰው፣ ሲያልቅም የሚጠይቀው እሱ ነው። በሕግ ሥራቸው የተለያየ ነው። በእኛ ጭንቅላት ውስጥ ግን አንድ ናቸው፤ ምክንያቱም በዳረክ በር አቤት ልትል የገባች ወረቀት የሌላት ሴት፣ በአምን ዓም በር ልትወጣ ትችላለች። «ተዘረፍኩ» ብላ ሄዳ «አንቺስ ማን ነሽ?» ተብላ ትቀራለች።

የከፋላው ነገር ደግሞ አለ። ኢቃማችን በካፊሉ እጅ ነው ያለው። ማዳም ስለተማታች ከቤት የወጣች ልጅ፣ በበነጋታው «ጠፍታለች» ተብሎ ይመዘገብባታል። ብዙ ጊዜ ደግሞ «ወርቅ ሰርቃለች» የሚል ይጨመርበታል። ስለዚህ ተበዳይዋ ጣቢያ ሳትደርስ ተከሳሽ ሆና ትጠብቃለች። በ1946 የወጣው የሠራተኛ ሕግም በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አያውቃትም።

ዝምታው ምን እንዳስከፈለን ልንገራችሁ። በ2008 ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት ከጥር 2007 ጀምሮ ባለው ጊዜ ውስጥ እዚህ አገር ቢያንስ 95 ስደተኛ የቤት ሠራተኞች መሞታቸውን ጽፎ ነበር። 40ዎቹ ራሳቸውን አጠፉ ተባሉ። 24ቱ ከፎቅ ወድቀው ነው፣ ብዙ ጊዜም ለማምለጥ ሲሞክሩ። በሳምንት ከአንድ ሰው በላይ ማለት ነው። በ2010 ደግሞ ያው ድርጅት 114 የፍርድ ቤት ጉዳዮችን ሲመረምር፣ ሠራተኛዋን ቤት ስለቆለፈ፣ ፓስፖርት ስለቀማ፣ ወይም ምግብ ስለከለከለ የተከሰሰ አንድም አሠሪ አላገኘም። አንድም! ከፎቅ የምትወርድ ሴት 112ን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ስልክ የላትም፤ ቢኖራትም ወደ እሷ ይመጣሉ ብላ አታምንም።

በ2024 ጦርነቱ ሲበረታ ደግሞ አሠሪዎቻቸው ቆልፈውባቸው የሸሹ እህቶች ነበሩ። ቦምብ እየወደቀ፣ ቁልፍ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ፣ ማንን ልትጠሪ ነው? ያን ቀን ነው እምነት የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑ የሚገባሽ።

ወንጀለኛው ፍርሃታችንን ያውቃል

ይህን በደንብ ስሙኝ። የእኛን ፍርሃት ከእኛ ይልቅ ወንጀለኛው ነው የሚጠቀምበት። እሁድ ማታ ከሐዋላ ቤት ስንወጣ በሞተር ቦርሳችንን የሚነጥቀው ልጅ፣ ከሁሉም ሰው መርጦ የእኛን ለምን ነጠቀ? ጥሬ ገንዘብ እንደያዝን ያውቃል፤ እንደማንከስም ያውቃል። መንገድ ቀይሮ ጨለማ ውስጥ የሚያስገባው የታክሲ ሹፌርም ያውቃል። የራሳችን አገር ልጅ ሆኖ «ኢቃማ አወጣልሻለሁ» ብሎ ሁለት ሺህ ዶላር የሚበላው ደላላም ያውቃል። የሚደበድበው ጓደኛሽም «ሄደሽ ክሰሽኝ፣ አንቺን ነው የሚያስሩት» ይልሻል። ሁሉም የሚመኩት በአንድ ነገር ነው፤ ዝም እንደምንል።

ዛሬ እኛን የነጠቀ ሌባ ግን ነገ የሊባኖሳዊቷን አሮጊት ቦርሳ ይነጥቃል። እኛ እንድንፈራ የተውነው ጨለማ ለሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ነው። የፖሊስ አዛዡ ሊያስብበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ይህን የገባቸው አዛዦች በሌላ አገር ነበሩ። በ1979 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አዛዥ ዳሪል ጌትስ በነበሩበት ጊዜ ፖሊሶች የሰውን የመኖሪያ ወረቀት ለማጣራት ብቻ ብለው ሰው ላይ እርምጃ እንዳይጀምሩ ትእዛዝ ወጣ። ለስደተኛ አዝነው ብቻ አይደለም። የተዘረፈና ያየ ሰው ካልመጣ ሌባ መያዝ እንደማይቻል ስላወቁ ነው።

በ2017 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የመባረር ፍርሃት ሲጨምር ምን ሆነ? የሎስ አንጀለሱ አዛዥ ቻርሊ ቤክ ከላቲኖዎች የሚመጣው የመደፈር አቤቱታ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ጊዜ በ25 ከመቶ ቀነሰ አሉ። የሂውስተኑ አዛዥ አርት አሴቬዶ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ በ42.8 ከመቶ ወረደ አሉ፤ ከሌላው ሕዝብ የሚመጣው ግን ጨምሮ ነበር። ሁለቱም ደስ አላላቸውም። የቀነሰው ወንጀሉ ሳይሆን የተበዳዮቹ ድምፅ ነው ብለው ሰጉ። አያችሁ፤ መዝገቡ ነጭ ሲሆን አገር ሰላም ነው ማለት አይደለም።

ሆላንድ ውስጥም በመላ አገሪቱ የሚሠራበት አሠራር አለ። ወረቀት የሌለው ሰው ጣቢያ ገብቶ ወንጀል አመልክቶ በወረቀቱ ምክንያት ሳይያዝ ይወጣል። በነፃ ገብቶ በነፃ መውጣት ማለት ነው። ስለዚህ «አይቻልም» የሚል ካለ፣ ይቻላል፤ የሚያደርጉት አሉ።

ሕጉ ለእኛ ያለው

አንዳንዷ «እኛ ሕግ የለንም» ትላለች። የሥራ ሕጉ ነው ያላወቀን፤ የወንጀል ሕጉ ግን ያውቀናል። እዚህ አፈር ላይ ሰውን መደብደብ፣ መቆለፍ፣ መድፈር ወንጀል ነው፤ ተበዳይዋ ማንም ትሁን። በ2011 የወጣው ሕግ ቁጥር 164 በሰው መነገድን ይቀጣል። በ2020 የወጣው ሕግ ቁጥር 205 ወሲባዊ ትንኮሳን ይቀጣል።

ተጠርጥረሽ ብትያዥም መብት አለሽ። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 47፣ በ2020 በሕግ ቁጥር 191 የተጠናከረው፣ እንዲህ ይላል በጭሩ፤ ለቤተሰብሽ ወይም ለምታውቂው ሰው መደወል ትችያለሽ። ጠበቃ ማግኘት ትችያለሽ፣ ቃልሽን ስትሰጪም አጠገብሽ ይሆናል። ቋንቋውን ካላወቅሽ አስተርጓሚ ትጠይቂያለሽ። ሐኪም እንዲያይሽ ትጠይቂያለሽ። ፖሊስ ለምርመራ ሊያቆይሽ የሚችለው 48 ሰዓት ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ከፈቀደ አንድ ጊዜ ሌላ 48 ሰዓት ይጨመራል። ወረቀቱና ተግባሩ ሁልጊዜ እንደማይገናኙ አውቃለሁ። ግን የማታውቂውን መብት ልትጠይቂ አትችይም።

የተናገሩ እህቶችም ያመጡት ለውጥ አለ። በ2014 ቤሩት ውስጥ አንድ የአስቸኳይ ጉዳዮች ዳኛ አሠሪ የያዘውን የሠራተኛ ፓስፖርት እንዲመልስ አዟል። በ2020 ደግሞ አንዲት የአገራችን ልጅ አሠሪዋንና ያመጣትን መክተብ በባርነት ወንጀል ከሳለች። ከአሥር ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ክስ ማን ያስብ ነበር? መንገዱ ረጅም ነው፣ ግን በሩን ያንኳኳች ሴት አለች።

እስከዚያው እኛ ምን እናድርግ?

አዛዡ ቃሉን እስኪጠብቅ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ደግሞም «ሁላችሁም ሂዱና ክሰሱ» አልላችሁም። እንደዚያ ብዬ ማንንም እሳት ውስጥ አልከትም። ነገሩን በየደረጃው እንየው።

ነፍስሽ አደጋ ላይ ከሆነች ወረቀት አታስቢ። ፖሊስ 112፣ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 140 ነው። ዛሬ ማታ ሁለቱን ቁጥሮች በቃላችሁ ያዙ፤ ስልክ ሊቀማ ይችላል፣ ጭንቅላት ግን አይቀማም። በረንዳ ላይ አትንጠልጠዪ። በገመድ፣ በአንሶላ የሚባለውን እርሺው። ጩኺ፣ ጎረቤት ጥሪ፣ ናጡሩን ጥሪ። ያለሽበትን ሰፈር፣ የሕንፃውን ስምና ፎቁን ከአሁኑ እወቂው፤ ሲደወል በመጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ኢቃማሽ የጸና ከሆነና ከተዘረፍሽ ወይም ከተደበደብሽ፣ አቤት ማለት ትችያለሽ። ብቻሽን ግን አትሂጂ። ዓረብኛ የምትችል አንዲት እህት ይዘሽ ሂጂ፤ ከተቻለ ጠበቃ። የኢቃማሽን፣ የፓስፖርትሽን፣ የኮንትራትሽን ፎቶ ከስልክሽ ሌላ አንድ የምታምኛት ሰው ዘንድ አስቀምጪ።

ኢቃማሽ ካለቀ ወይም ከቤት ከወጣሽ፣ ጣቢያ ከመግባትሽ በፊት ከጠበቃ ጋር ተነጋገሪ። ካሪታስም ካፋም ስደተኛ ሴቶችን የሚረዱበት ክፍል አላቸው፤ እኛም እናገናኝሻለን። አንዳንድ ጊዜ ጠበቃው በጽሑፍ ለዐቃቤ ሕግ ቢያቀርብልሽ ይሻላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መጠበቅ ይሻላል። ውሳኔው ያንቺ ነው። ማንም፣ የእኛ ማኅበርም ቢሆን፣ በግድ ሊወስድሽ አይገባም።

ማስረጃን በተመለከተ፣ የተደፈረች እህት ቢከብዳትም ከመታጠቧ በፊት ሐኪም ብታይ ጥሩ ነው። ልብሷን ሳታጥብ በወረቀት ከረጢት ታስቀምጥ፤ ፌስታል ያበላሸዋል። የተመታሽበትን ፎቶ አንሺ፣ ከሐኪም ቀን ያለበት ወረቀት ተቀበዪ። የሆነውን ዛሬውኑ በአማርኛ ጻፊው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ነበረ፣ ምን አለ። መጻፍ ካልቻልሽ በድምፅ ቅጂውና ለእህትሽ ላኪላት። ከሦስት ወር በኋላ ስትጠየቂ የሚያድንሽ እሱ ነው።

ጣቢያ ውስጥ ደግሞ እነዚህን አራት አረፍተ ነገሮች እንለማመዳቸው። ከኋላዬ በሉ።

«በዲ ቀድም ሸኩዋ»፤ አቤቱታ ማቅረብ እፈልጋለሁ።
«በዲ ሙተርጂም»፤ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።
«ማ ባዕረፍ ኢእራ ዓረቢ፣ ማ ብምዲ»፤ ዓረብኛ ማንበብ አልችልም፣ አልፈርምም።
«ሹ ረቅም ኤል መሕዳር?»፤ የመዝገቡ ቁጥር ስንት ነው?

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ያልገባሽ ወረቀት ላይ አትፈርሚ፤ ጣትሽንም አታሳርፊ። «ደመወዜን ሙሉ ወስጃለሁ» የሚል ሊሆን ይችላል፣ «ሰርቄያለሁ» የሚልም ሊሆን ይችላል። አራተኛውም ቀላል አይደለም። የመዝገብ ቁጥር የሌለው አቤቱታ፣ ነገ «መጥተሽ አታውቂም» ይባላል። ያነጋገረሽን ሰው ስምና ጣቢያውን አብረሽ ጻፊ።

አዛዡን የምንጠይቀው

አንድ ቀን አዛዥ ወይ የጣቢያ ኃላፊ እንደ እናንተ ፊቴ ቢቀመጥ ምን እለዋለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ስድብ የለኝም። ፖሊሱም ተቸግሯል፤ ከ2019 የገንዘብ ቀውስ በኋላ የተራ ፖሊስ ደመወዝ ከመቶ ዶላር በታች የወረደበት ጊዜ ነበር። ልጁን ማሳደግ ያቃተው ሰው ምን ያህል እንደሚከፋው ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጆቻችንን ትተን የመጣነው ለዚያው አይደል? አራት ነገር ግን እለዋለሁ።

አንደኛ፣ አቤት ልትል የመጣችን ሴት በአቤቱታዋ ምክንያት ለአምን ዓም አሳልፋችሁ አትስጧት። ወረቀቷ ሌላ ቀን፣ በሌላ ቢሮ ይጠየቅ። ወንጀሉን ግን ዛሬ ስሟት።

ሁለተኛ፣ አስተርጓሚ ይኑር። በየጣቢያው ሰው ማስቀመጥ ካልተቻለ በስልክ ይሁን። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ የሚተረጉም ሰው በዚህ ከተማ አይጠፋም። አሠሪዋ ግን አስተርጓሚዋ ሊሆን አይገባም! የደበደባት ሰው «እንዲህ እያለች ነው» ብሎ ከተረጎመላት ምኑን ምርመራ ሆነ?

ሦስተኛ፣ አሠሪ «ሠራተኛዬ ጠፋች፣ ሰረቀች» ሲል ማስረጃ ይጠየቅ። ለምን ወጣች? ደመወዟ ተከፍሏታል? ፓስፖርቷ ማን ዘንድ ነው? ተብሎ ይጠየቅ። ፓስፖርቷን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ «ጠፋችብኝ» የሚል ሰው የሚመልሰው ጥያቄ አለበት።

አራተኛ፣ ከፎቅ የወደቀች ሴት ሁሉ «ራሷን አጠፋች» ተብላ አትዘጋ። የሕንፃው ጎረቤቶች ይጠየቁ፣ ሌሎች ሠራተኞች ይጠየቁ። ያኔ እኛ እንናገራለን።

በምላሹ ምን ታገኛላችሁ ቢለኝ መልስ አለኝ። ዓይን ታገኛላችሁ፣ ጆሮ ታገኛላችሁ፣ ምስክር ታገኛላችሁ። በሰፈሩ የሚሰርቀውን፣ ሕፃን የሚያስፈራራውን፣ አሮጊት የሚያታልለውን የሚያዩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች «ማ ባዕረፍ» ማለታቸውን ይተዋሉ። እምነት ስጦታ አይደለም፣ ብድር ነው። አንድ እህታችን ጣቢያ ገብታ በደህና ከወጣች፣ በበነጋታው በየቡናው፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየቴሌግራሙ ይወራል። አንዷ ገብታ ከታሰረች ደግሞ አሥር ዓመት ሙሉ ይወራል። አዛዡ ከዚህ አዳራሽ ሆኖ ቢሰማኝ የምመክረው ይህን ነው፤ ፖስተር አትለጥፍ፣ የመጀመሪያዋን ሴት በደህና ወደ ቤቷ መልሳት።

እህቶቼ፣ እስከዚያ ድረስ እርስ በርሳችን እንጠባበቅ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እያንዳንዳችን ቤት የተቆለፈባትን አንዲት እህት እንያዝ። በሳምንት ሁለት ቀን ሰላም እንበላት፤ የፎቋን ቁጥርና የአሠሪዋን ስም ጽፈን እንያዝ። ሁለት ቀን ካልመለሰች ዝም እንዳንል። በሚመጣው እሁድ አራቱን የዓረብኛ አረፍተ ነገሮች ያልያዘ ሰው ቡና አይጠጣም፣ ብያለሁ! 112 እና 140ን ደግሞ አሁን ከመውጣታችሁ በፊት አንድ በአንድ እጠይቃችኋለሁ።

ፈጣሪ ሁላችንንም በደህና ለአገራችን ያብቃን።